ያጠረ ፈተና በጎጃም ሰው ላይ ሳይፈተሽ ሥራ ላይ እንዳይውል

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

የተከበሩ የቢሮው ኃላፊ፣

ስትሮክ የመታው፣ ጭንቅላቱ የተጎዳ ወይም መርሳት የጀመረው ሰው ቅርጽን፣ ርቀትንና አቅጣጫን በትክክል መለየቱ የሚታወቅባቸው ፈተናዎች ጊዜ ይወስዳሉ። ከሞጣ ወይም ከፍኖተ ሰላም ሪፈር ተጽፎላቸው የመጡ ታካሚዎች ሲደራረቡበት አጭሩን ቅጂ የሚመርጥ ባለሙያ አይፈረድበትም። የምንጽፍልዎት ማሳጠሩ የሚያጎድለው ሳይታወቅ ውጤቱ በታካሚው ካርድ ላይ እንደ ሙሉ ፈተና ውጤት እንዳይሰፍር ነው።

የቤንተንን የመስመር አቅጣጫ ፈተና እንውሰድ። ተፈታኙ ሁለት አጫጭር መስመሮች ይታዩታል፤ በግማሽ ክብ ከተዘረጉ 11 ባለ ቁጥር መስመሮች ውስጥ አቻቸውን ይጠቁማል። ሙሉው 30 ጥያቄ አለው፤ በ15 ጥያቄ የተዘጋጁ አጫጭር ቅጂዎችም አሉ። ፈተና ሲያጥር አስተማማኝነቱ (ሲደገም ተመሳሳይ ውጤት የመስጠት አቅሙ፣ ከ0 እስከ 1 የሚለካ) ምን ያህል እንደሚወርድ በሚያሳየው በስፒርማንና ብራውን ቀመር ሲሰላ፣ 0.90 የነበረ ፈተና ሲገመስ ወደ 0.82፣ 0.80 የነበረው ደግሞ ወደ 0.67 ይወርዳል። ለዓይን ትንሽ ነው። አማካዩ 100፣ መደበኛ ልይይቱ (ነጥቦች ከአማካዩ የሚርቁበት የተለመደ መጠን) 15 በሆነ መለኪያ ላይ ሲቀመጥ ግን በ0.90 የስሕተቱ ክልል፣ ማለትም እውነተኛው ነጥብ ሊገኝበት የሚችለው ርቀት፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 9 ነጥብ ያህል ነው፤ በ0.82 ከ12 ያልፋል፤ በ0.67 17 ይደርሳል። በዚህ በመጨረሻው 85 ያገኘ ሰው እውነተኛ ነጥቡ 68 ወይም 102 ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ልኬት ለቡድን ጥናት ይጠቅም ይሆናል፤ አንድ ሰው ባጃጁን መንዳት ይቀጥል አይቀጥል ለመወሰን ግን ፈጽሞ አይበቃም።

የትኞቹ ጥያቄዎች እንደሚቀሩም ወሳኝ ነው። ጥያቄዎቹ በጥቅሉ እየከበዱ ስለሚሄዱ፣ የመጀመሪያዎቹን 15 ብቻ የሚጠይቅ ሰው ቀላል ቀላሉን ይጠይቃል፤ መለስተኛ ጉዳት ያለበትም ያልፋል። ጎዶሎ ቁጥር (1፣ 3፣ 5…) ወይም ተጋማሽ ቁጥር (2፣ 4፣ 6…) የያዙትን መውሰድ ይሻላል። ውጤቱን በሁለት አባዝቶ በሙሉው ፈተና ማለፊያ መዳኘት ስሕተቱንም አብሮ ያባዛል። አጭር ቅጂዎች ብዙ ጊዜ የሚፈተሹት ደግሞ ሙሉው ተሰጥቶ ከውስጡ በተመረጡ ጥያቄዎች ነው፤ ሁለቱ ውጤቶች አንዳንድ መልሶችን ስለሚጋሩ ተዛምዷቸው ከእውነቱ በላይ ይታያል። አጭሩ ለብቻው ተሰጥቶ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ተደግሞ መታየት አለበት።

የሰዓት ሥዕሉ በተለይ ያሳስበናል። ሞካ በሚባለው፣ የማስታወስና የማሰብ ችሎታን በሚመዝነው ባለ 30 ነጥብ ፈተና የሰዓት ሥዕሉ ያለበት ክፍል 5 ነጥብ ብቻ አለው፦ ቁጥርና ፊደል ማገናኘት 1፣ ኪዩብ መገልበጥ 1፣ ሰዓት መሣል 3። ተፈታኙ 11 ሰዓት ከ10 እንዲሥል ይጠየቃል። ሰዓቱን በአገርኛ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው አጭሩን ዘንግ 11 ላይ ያደርገዋል፤ በፈረንጅ ሞልቶ በአማርኛ የሚያነበው ግን 5 ላይ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ነጥብ ሰጪዎች አስቀድመው ካልተስማሙ ጤነኛው ሰው ነጥብ ያጣል፤ ከ5 ላይ አንድ መቀነስ ደግሞ ቀላል አይደለም። የፊደል ተራ ያልተማረ የማቻክል ወይም የደጋ ዳሞት ገበሬ ቁጥርና ፊደል እንዲያገናኝ ሲጠየቅ የሚለካው ትምህርቱ ነው እንጂ እይታው አይደለም።

ትራኮማና የዓይን ሞራ በክልላችን የስንቱን ዓይን እንደጎዱ ቢሮው ያውቃል። የቅርብ እይታ ሳይለካ የሚሰጥ ፈተና የዓይንን ችግር የአንጎል ያደርገዋል። ጊዜ ሲያጥር ግን ቶሎ የሚዘለሉት ይህ ልኬትና የመለማመጃ ጥያቄዎች ናቸው። ፎቶ ኮፒም ያበላሻል፦ ቁመትና ስፋቱ እኩል ያልተቀነሰ ገጽ በቤንተን ፈተና ባለ ቁጥር መስመሮች መካከል ያለውን 18 ዲግሪ ያዛባል። እያንዳንዱ ኮፒ በፕሮትራክተር ይለካ።

ቢሮው ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር ተመካክሮ በጥበበ ጊዮን፣ በፈለገ ሕይወትና በደብረ ማርቆስ ሆስፒታሎች ፍተሻ እንዲያስደርግ እንጠይቃለን። ሠላሳ ሰው አይበቃም፤ ከ30 ሰው የተገኘ 0.80 አስተማማኝነት እውነቱ ከ0.62 እስከ 0.90 የትም ሊሆን ይችላል። በ100 ሰው ከ0.72 እስከ 0.86 ይጠባል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከገቡትም ካልገቡትም ለየብቻ 100 ጤነኛ ሰው ያስፈልጋል። ታካሚዎች ከጤነኞች ጋር ከተደባለቁ አስተማማኝነቱ ያለ ልኩ ከፍ ስለሚል የእነርሱ ለብቻ ይሰላ። ሥዕሎቹን ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ ነጥብ ይስጧቸው።

እስከዚያው አጭሩ ፈተና ለማጣሪያ ብቻ ይዋል። በካርዱ ላይ የቅጂው ስም፣ የጥያቄው ብዛትና የስሕተቱ ክልል ይጻፍ፤ ነጥቡ በማለፊያው ዙሪያ በዚያ ክልል ውስጥ ላረፈ ታካሚ ሙሉው ፈተና በሌላ ቀን ይሰጠው።

ከአክብሮት ጋር፣
በጎጃም የምንሠራ የነርቭ ሕክምናና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች