ከማርከሩ በፊት ሲሊንደሩ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ቀለም የያዙ ኳሶችን በመተኳኮስ ስለሚካሄደው ጨዋታ፣ ስለ ፔይንትቦል፣ በተጻፈ ቁጥር ወሬው ሁሉ ኳሷን ስለሚተኩሰው መሣሪያ፣ ስለ ማርከሩ ነው፦ በርሜሉ ምን ያህል ይረዝማል፣ በሰከንድ ስንት ኳስ ይተኩሳል፣ ጭምብሉስ ምን ዓይነት ነው። ኳሷን ከበርሜሉ ገፍቶ የሚያወጣው አየር ግን በአንድ መስመር ይታለፋል። በዚህም የተነሳ ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን በሙሉ ማርከሩ ላይ አውጥቶ ያገኘውን የአየር ሲሊንደር ይገጥምበታል። የማርከር ጥገና ውስጥ ያለን ሰዎች እንደምናውቀው፣ «ማርከሩ ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመጣው ብልሽት ብዙው መነሻው ሲሊንደሩ ነው።

ምርጫው በመሠረቱ በካርቦን ዳይኦክሳይድና በታመቀ አየር መካከል ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ልክ እንደ ማብሰያ ጋዝ በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ ማርከሩ የሚጠቀመው ከፈሳሹ የሚተነውን ጋዝ ነው። ፈሳሹ እስካላለቀ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው የቀረው መጠን ሳይሆን ሙቀቱ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 57 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ የነበረው ግፊት በ0 ዲግሪ ወደ 35 ባር ይወርዳል። በጠዋት ቅዝቃዜ የኳሷ ፍጥነት የተስተካከለለት ማርከር እኩለ ቀን ላይ በብዙ ሜዳዎች ከተለመደው ጣሪያ፣ ማለትም በሰከንድ ከ300 ጫማ (91 ሜትር ገደማ) አልፎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጫወት ሰው ፀሐዩ በጠነከረ ቁጥር ወደ ፍጥነት መለኪያው መመለስ አለበት።

ሌላው ችግር የሚመጣው ተኩሱ ሲፈጥን ነው። ፈሳሹ ለመትነን ሙቀት ስለሚወስድ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ኳሷም ሳትርቅ ትወድቃለች። ሲሊንደሩ አፉን ወደ ታች ሲዘነበል ደግሞ ፈሳሹ ራሱ ወደ ማርከሩ ይገባል፦ ከበርሜሉ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ቫልቩ ላይ በረዶ ይጋገራል፣ ጋዝ እንዳይወጣ የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች (ኦሪንጎቹ)ም ደርቀው ይሰነጠቃሉ። ይህን በመጠኑ የሚከላከል፣ ውስጡ የታጠፈ ቱቦ ያለውና ጋዙን ከላይ ብቻ የሚስብ ሲሊንደር አለ፤ ቱቦው ግን ሲገጠም አቅጣጫው ከማርከሩ ጋር ካልተስተካከለ ፋይዳ የለውም። በኤሌክትሮኒክስ ለሚሠራ ማርከር ግን ምክራችን አንድ ነው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይጠጋው። ቅዝቃዜውና ፈሳሹ መጀመሪያ የሚያበላሹት በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ውድ ቫልቭ፣ ሶሌኖይዱን ነው።

የታመቀ አየር ሁሌም ጋዝ ነው። በ200 ወይም በ300 ባር ይሞላና ሲሊንደሩ አፍ ላይ ያለው ሬጉሌተር ወደ 55 ባር (800 ፒኤስአይ) ገደማ አውርዶ ለማርከሩ ይሰጠዋል። ወደ 30 ባር ገደማ የሚያወርዱም አሉ፤ የትኛው እንደሚስማማ የሚነግረው የማርከሩ መመሪያ ነው። ጥቅሙ የሲሊንደሩ ግፊት ከሬጉሌተሩ ልክ በታች እስኪወርድ ድረስ የኳሷ ፍጥነት እምብዛም አለመለዋወጡ ነው።

መጠን ሲመረጥ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ብዙዎች ግን ግማሹን ይረሱታል። ባለ 48 ኪዩቢክ ኢንች የአሉሚኒየም ሲሊንደር 0.8 ሊትር ነው፤ በ200 ባር፣ ሳይታመቅ ሲለካ 160 ሊትር የሚሆን አየር ይይዛል። ባለ 68ቱ የካርቦን ፋይበር ሲሊንደር 1.1 ሊትር ሲሆን በ300 ባር 330 ሊትር ይይዛል። ከ55 ባር በታች ያለው ለጨዋታ ስለማይሆን ግን የመጀመሪያው የሚያገለግለው 116 ሊትር፣ ሁለተኛው 270 ሊትር ገደማ ነው። በተኩስ ሲታሰብ እንደ ማርከሩ ዓይነት አንዱ ወደ 450፣ ሌላው ወደ 1000 ኳስ ይጠጋል። መሙያ ቦታው ከ200 ባር በላይ ካልሞላ ግን ያ ውድ የካርቦን ፋይበር ሲሊንደር የሚሰጠው 160 ሊትር ብቻ ነው። ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ለዚህ ሥራ አቅሙ የለውም።

አሞላሉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አየሩ በፍጥነት ሲገባ ይሞቃል፤ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 200 ባር ያሳይና ሲቀዘቅዝ 180 ሆኖ ይገኛል። ቀስ ብሎ መሙላት ይሻላል። በመሙያው አፍ ላይ ዘይትም ሆነ ግሪስ አይቀባ፤ በከፍተኛ ግፊት የሚገባ አየር ዘይቱን ሊያቀጣጥለው ይችላል። ኦክሲጅን ደግሞ በፍጹም አይሞላም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጌጅ ሳይሆን በሚዛን ነው የሚሞላው፦ ለባለ 20 አውንስ ሲሊንደር ከባዶው ክብደት ላይ 567 ግራም። ከዚያ ካለፈ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ያጣና፣ ለአደጋ ጊዜ እንዲቀደድ የተሠራው ስስ ዲስክ ይበጠሳል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር የተሠራው ለ1800 ፒኤስአይ (124 ባር ገደማ) ስለሆነ የታመቀ አየር እንዲሞላበት የሚጠይቅ ሰው መከልከል አለበት።

ያገለገለ ሲሊንደር የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት የታተመበትን ቀን ያንብብ። የውኃ ግፊት ፍተሻ በአብዛኛው በየ5 ዓመቱ ይደረጋል፤ የካርቦን ፋይበር ሲሊንደር ዕድሜ ደግሞ በተለምዶ 15 ዓመት ነው። የካርቦን ፋይበር ክሩ የተተረተረ ወይም ጥልቅ ጭረት ያለበት ከሆነ ቀኑ ባያልፍም አይወሰድ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ሲሊንደሩ ከማርከሩ ሲፈታ የሚደርሰው አደጋ ነው። ቫልቩ ማርከሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ሲሊንደሩ ብቻውን ከቫልቩ ሊፈታ ይችላል፤ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ተፈትቶ ባለቀ ቅጽበት ሲሊንደሩ እንደ ሮኬት ይወነጨፋል፣ በዚህ ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎችም አሉ። መከላከያው ግን ቀላል ነው፦ በቫልቩና በሲሊንደሩ አንገት ላይ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመር። መፍታት ሲጀመር መስመሩ ለሁለት ከተከፈለ ወዲያው ቆም ብሎ ሳይነካኩ ለባለሙያ መስጠት ነው። መስመሩ ካልተዛነፈ፣ ኳስ አለመኖሩ ይረጋገጥና በርሜሉ ወደማይጎዳ አቅጣጫ ዞሮ የቀረው አየር ተተኩሶ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ ይፈታ።

ከአክብሮት ጋር፣
በማርከር ጥገናና በአየር ሙሌት ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ