ቀጠማውን አረም ያለው ማነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ አቃቂ ወንዝ ዳር ጽዳት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከፎቶው ሥር «ከአረም የጸዳው የወንዝ ዳር» ይላል። ፎቶው የተነሳበት ቦታ ከቤታችን አምስት ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። እዚያ የነበረው አረም አይደለም። ቀጠማ፣ ረጅሙ የውሃ ዳር ሣር ፊላና ጥቂት የአኻያ ዛፍ ነበር።

ዘጋቢያችሁ ሲመጣ እኔም እዚያው ነበርኩ። እናቴ ከማዶ ያጨደችውን ቀጠማ ተሸክማ መጥታ ልታርፍ ቆማለች። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን» አላት። ዞር አለችላቸው። ከዚያ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቋት መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ዳር ስታጭድ የኖረች ሴት ከፎቶውም ወጣች፣ ከዘገባውም ወጣች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ነው የተናደድኩት።

ወደ ቃሉ ልመለስ። ዘገባችሁ እምቦጩንም ቀጠማውንም አንድ ላይ ጠቅልሎ «አረም» ብሏቸዋል። እምቦጭ አረም ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ውሃውን እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል፣ ብርሃንና አየር ይከለክለዋል። እሱ ይነቀል። ግን ሳያብብ ይነቀል፣ ከውሃው ርቆም ይድረቅ። ዳር ላይ ጥለውት ከሄዱ ጎርፍ መልሶ ይወስደዋል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ቀጠማና ፊላ ግን የዚሁ ወንዝ ናቸው። ለእንቁጣጣሽ ቤታችሁ የጎዘጎዛችሁትን ቀጠማ አረም ትሉታላችሁ?

እናቴ የምታጭደው በማጭድ ነው። ሥሩን አትነካም። ዘንድሮ ይሄኛውን ጥግ ካጨደች ያኛውን ትተወዋለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ትቀያይራለች። የበዓል ገበያ ደርቶ እንኳ ፊላው መሃል አትገባም። ልጅ ሆኜ ለምን ብዬ ስጠይቃት «ወፎቹ አራስ ናቸው» አለችኝ። ልክ ናት። ቢጫዎቹ ወፎች ክረምት ላይ ፊላው ጫፍ ላይ ጎጆ ይሠራሉ። ጎጆውን ከውሃ በላይ የሚያንጠለጥሉት እባብና ድመት እንዳይደርስባቸው ነው።

ኤክስካቫተሩ የመጣው በነሐሴ ነው። በነሐሴ! በማግስቱ ወርጄ አየሁ። የተቆለለው ፊላ ላይ አንድ ጎጆ ተጋድሞ ነበር። ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው። በቀዳዳው ሳይ ላባ ያላወጡ ሁለት ጫጩቶች አሉ። አንደኛው ሞቷል። ሌላኛው ጣቴን ሲያይ እናቱ መስዬው አፉን ከፈተልኝ። ምን ላድርገው? ይዤው ወደ ቤት ሄድኩ። እስከ ማታ አልቆየም።

ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ጎርፍ መጣ። አፈሩን ይዞት የነበረው ሥር ተነቅሏል። ዳሩ ተናደና ሁለት መደብ ጎመናችንን ይዞት ሄደ። ወደሚመለከተው ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሦስቱንም ጊዜ «ነገ ና» ተባልኩ። ያ አፈር የት እንደሚሄድ ዘገባችሁ አልጠየቀም። ትልቁም ትንሹም አቃቂ የሚገቡት አባ ሳሙኤል ነው። ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ የኖረው፣ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተደረገው ግድብ ነው። ደለል የምንልክለት እኛው ነን።

ወንዙ አይነካ እያልኩ አይደለም። ፊላ ዝም ከተባለ ውሃውን ሁሉ ይሞላዋል፤ ለዳክዬና ለሽመላ ክፍት ውሃ አይተርፍም። ጥቅጥቅ ሲል ጅብም ሌባም ይደበቅበታል፣ ፌስታሉም ይጠራቀምበታል። ጎረቤቶቻችን ይጸዳልን ያሉት ለዚህ ነው፤ ልክ ናቸው። ግን ወፎቹ ፈልፍለው ከጨረሱ በኋላ፣ በበጋ፣ በእጅ ይታጨድ። ግማሹ ይታጨድ፣ ግማሹ ይቆይ። ውሃው ላይ ያጎነበሰው አኻያ ይተው። ዓሣ የሚያጠምደው ወፍ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፣ ውሃውን ከፀሐይ የሚጋርደውም እሱ ነው። ጥቅምት ሲገባ ከሩሲያ ድረስ የሚመጡት፣ ክሬን የሚባሉት እግረ ረጃጅም ግራጫ ወፎች አባ ሳሙኤል አካባቢ ይከርማሉ። ቀን ጤፍና ሽምብራ የታጨደበት ማሳ ላይ ይለቅማሉ፣ ማታ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ልጆቼ በድምፃቸው ነው የሚነቁት።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። «አረም» የሚለውን አርሙልን። ቀጥሎም ዘጋቢያችሁን መልሳችሁ ላኩ። እናቴ ጥር ላይ ያኛውን ጥግ ማጨድ ትጀምራለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከድልድዩ በታች ናት። ቦት ጫማ አድርጎ ይምጣ፣ ጭቃ ነው። ፎቶ ሲያነሳ ግን ዞር በይ እንዳይላት።

ከአቃቂ ድልድይ በታች ነዋሪ