ታኅሣሥን በጣሊያን ለማሳለፍ ለሚያስቡ ቤተሰቦች

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ሮም የምትኖረው እኅቴ የፈረንጆቹን ገና ከእርሷ ጋር እንድናሳልፍ ስለጠራችን፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ጉዞውን ከሰኔ ጀምረን እያሰናዳን ነው፤ እስካሁን የተረዳነው ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ጣሊያንን ጨምሮ ወደ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ስለሚቻልና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን ስለሚጠየቅ፣ ጉዳዩን ለኅዳር ማቆየት አይገባም።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበን ግን ጾሙ ነው። የእነርሱ ገና በእኛ ታኅሣሥ 16 ስለሚውል፣ ጣሊያኖች ሲፈስኩ እኛ የነቢያት ጾም ላይ ነን፤ የበዓል ሰሞናቸው ታኅሣሥ 28 ሰብአ ሰገልን በሚያስቡበት በኤጲፋንያ በዓል ሲያበቃ ደግሞ የእኛ ገና በማግስቱ ይውላል። ልጆቹ እንዳይቸገሩ፣ አይብ የሌለበትንና በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራውን ፒዛ ማሪናራ እንድናዝዝ እኅቴ መክራናለች።

ወላጆች ልጆቻቸውን ኮሎሲየምን ብቻ አሳይተው እንዳይመለሱ እለምናለሁ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ የሚገኘው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የቀደሙት መነኮሳቶቻችን ማረፊያ ነበር፤ የእኛው የሸዋ ደብረ ሊባኖስ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮንም በዚያ እየኖሩ የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሮም ላይ አሳትመዋል። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ጉዞው ሌላ ትርጉም አገኘ። ቦታው በቫቲካን ቅጥር ውስጥ በመሆኑ ሰው እንደ ልቡ ስለማይገባበት፣ ጋዜጣዎ የመግቢያውን አሠራር አጣርቶ ክረምቱ ሳይወጣ እንዲያትምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪዎ፣
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ