ከሰዓት በኋላችን ይመለስልን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ዕድሜዬ 33 ነው። ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለብኝ፤ 11 ዓመት ሆነኝ። ይህን ያስቀደምኩት ስለምጽፈው ጉዳይ በወሬ ሳይሆን ኖሬበት እንደማውቅ እንዲረዱልኝ ነው።

ከተማችን ውስጥ እኔን የመሰሉ ሰዎች ቀን ቀን እየዋልን የምናገግምበት አንድ የቀን ማዕከል አለ። ስሙን አልጠቅስም። ሠራተኞቹ ደጎች ናቸው፣ በማንም ላይ ጣት መቀሰር አልፈልግም። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 10 ሰዓት ክፍት ነበር። ከጥር ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ሆነ። እሱም እስከ 6 ሰዓት። ክፍሉ ለሌላ ሥራ ተፈልጓል፣ በጀትም ጠቧል ተባልን። አቤት ብንል አንድ ኃላፊ፣ «መድኃኒታችሁ አልተቋረጠም፤ ታዲያ ምን ጎደለባችሁ?» አሉን። በክፋት አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁን። እዚያው ቆሜ መልስ አጣሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ሳስበው አደርኩ።

ሕመሙ የጀመረኝ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። ሬዲዮ ስለ እኔ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ትምህርቱን አቋርጬ ቤት ገባሁ። እናቴ ፀበል ወሰደችኝ። ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ ቁርአን ቀሩብኝ። ሁለቱም ያደረጉት ከፍቅር ነው። ታስሬም አውቃለሁ፤ እሱን ልለፈው።

ከዚያ በኋላ ነው ሕክምና የጀመርኩት። ጅማ ተወልዶ መታመም በዚህ በኩል ዕድል ነው። የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል አለው፤ ዩኒቨርሲቲውም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን በማስተርስ ያሠለጥናል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ግን በአገራችን ለዚህ ሕመም የቆመ ሆስፒታል ቢባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። ከእኛ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የታመመ ልጅ ይዞ ያንን መንገድ በአውቶቡስ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሄደች እናት ትናገር።

መድኃኒቱ ሠራልኝ። በሦስት ወር ውስጥ ድምፆቹ ራቁ። እናቴ እልል አለች። ግን ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ተኛሁ። ቃል በቃል ነው፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛለሁ። ምሳ ይመጣል፣ እበላለሁ፣ መልሼ እተኛለሁ። ሰነፈ ተባልኩ። ተመቸው ተባልኩ። እኔም አመንኩ።

ስንፍና እንዳልሆነ ያወቅሁት ኋላ፣ በዚሁ በቀን ማዕከላችን በሚሰጠን ትምህርት ነው። ሕመሙ ሁለት ፊት አለው። አንዱ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ያልሆነ ነገር ማመን ነው። መድኃኒት ይህንን በደንብ ይይዘዋል። ሌላው ዝምታው ነው። ከአልጋ መነሳት ያቅታል፣ ገላ መታጠብ ድንጋይ እንደመፍለጥ ይከብዳል፣ ከሰው ጋር ማውራት ያደክማል። ይህኛውን መድኃኒት እምብዛም አይነካውም። የሚያነቃህ የምትሄድበት ቦታ ሲኖርህ፣ የሚጠብቅህ ሰው ሲኖር፣ ተራህ ሲደርስ ነው።

ተራ ስል ቀልዴን አይደለም። ማዕከላችን ውስጥ ቡና የምናፈላው በተራ ነው። ስማችን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ወንድ ሴት አይባልም። እኔ የጅማ ልጅ ሆኜ ቡና ቆልቼ አላውቅም ነበር፤ ቤታችን የእህቶቼ ሥራ ነው። እዚያ ነው የተማርኩት።

አንድ ዓርብ ቀን ተራው የአንዲት እህታችን ሆነ። ከመጣች ሁለት ወሯ ነው። ከሰላምታ ሌላ ቃል አይወጣትም። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ የመድኃኒቱ ነገር ነው፣ ብዙዎቻችንን ያገኘናል። ቡናውን አጠበች፣ ቆላች፣ ምጣዱን አንስታ አንድ በአንድ እየዞረች አሸተተችን። ወቀጠች፣ አፈላች። ጀበናውን አንስታ ልትቀዳ ስትል ግን እጇ አልታዘዝ አላት። ቡናው ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ማንም አልተነሳም። ሲስተርም አልተነሳችም፣ ልርዳሽም አላለች። ልጅቷ ጀበናውን አስቀመጠች። ትንሽ ቆየች። ከዚያ በሁለት እጇ ያዘችውና እንደገና ቀዳች። አሥራ ሁለት ስኒ። አቦሉ ለሁላችን እስኪዳረስ ቀዝቅዞ ነበር፤ ጠጣነው። ቶናው ሲመጣ፣ «ስኳር አንሷል?» ብላ ጠየቀች። ከአፏ ጥያቄ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ሲስተር ያየችውን ለሐኪሙ ነገረች። መንቀጥቀጡን የሚቀንስ መድኃኒት ተጨመረላትና ከጊዜ በኋላ ሻል አላት። እስቲ ያስቡት። በወር አንዴ ለክትትል ቀርባ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «ደህና ነኝ» ብትል ማን ያይላታል? ሐኪሙ ደጅ ላይ የተሰለፈ ሰው አለበት። እኛ ጋ ግን ጠዋት ስንገባ መዝገብ ላይ እንፈርማለን፣ ሲስተር ደግሞ ዓይናችንን እያየች «እንቅልፍ እንዴት ነበር?» ትለናለች። ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖር ሰው ሊያገረሽበት ሲል ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው እንቅልፉ ነው። ሦስት ሌሊት ካልተኛህ እሷ በአራተኛው ቀን ታውቃለች። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስታየን እንዴት አድርጋ ትወቅ?

የማይመቸኝ ነገር የለም አልልም። አንዳንድ ቀን የሕፃናት ሥዕል ታትሞ ይሰጠንና ቀለም ቀቡ እንባላለን። እኛ ትልልቅ ሰዎች ነን፤ ልጅ ያሳደጉ እናቶች መሀላችን አሉ። ይህ ቢቀር ደስ ይለኛል። በእንጨት ሥራው ግን አንድም ሰው አያማርርም።

እንጨቱን የሚያስተምሩን አንድ አዛውንት ናቸው። ኦቦ ነው የምንላቸው። ዕድሜ ልካቸውን በርጩማ ጠርበው ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። የጅማን በርጩማ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከአንድ ግንድ የሚወጣ ነው። ምስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። መቀመጫውም ሦስቱም እግሩ ከዚያው ከአንዱ ዋንዛ ይፈለፈላል። አንዱ እግር ከተሰነጠቀ ያ ግንድ ለማገዶ ነው። እኔ ሁለት ግንድ አበላሽቻለሁ። ኦቦ አልተቆጡም፤ ሦስተኛውን አምጥተው መሮውን አስያዙኝና፣ «አትቸኩል፣ እንጨቱ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ መጀመሪያ እየው» አሉኝ። አንድ ቀን ለምን እግሩ ሦስት ብቻ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «የአባቶቻችን ቤት ወለሉ አፈር ነው። አራት እግር ያለው ነገር መሬቱ ካልተስተካከለ ይንገዳገዳል። ይኼ የትም ይቀመጣል» አሉኝ። ቤቴ ሄጄ ማድቤቱ ወለል ላይ ሞከርኩት፤ እውነታቸውን ነው።

የመጀመሪያዬን ለመጨረስ ሦስት ወር ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትገው የዋንዛው መልክ እየወጣ ሲመጣ፣ ምሳ ሰዓት ደርሶ ሲጠሩኝ አልሰማሁም። አራት ዓመት ግድግዳ ያየ ሰው ነኝ፤ ሥራ ይዞኝ ምሳ ረሳሁ። አሁን እናቴ ሽንኩርት ስትልጥ የምትቀመጥበት እሱ ላይ ነው። አንድ ቀን ጓዳ ሆኜ ለጎረቤት፣ «ይኼን ልጄ ነው የሠራው» ስትል ሰማኋት። አሥር ዓመት ሙሉ ስለ እኔ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። ያን ቀን ዝቅ አላደረገችም።

ሁለተኛው በርጩማዬ ሁለት እግሩ ወጥቶ ሦስተኛው ሳይወጣ ቀርቷል። ኦቦ የሚመጡት ሰኞና ረቡዕ ነበር።

አሁን ወደ ከሰዓቱ ልምጣ። የደብዳቤዬ ዋና ነገር ይኸው ነው። ጅማ ውስጥ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ምን እንደሆነ የከተማው ሰው ያውቃል። የበርጫ፣ ተሰብስቦ ጫት የመቃሚያ፣ ሰዓት ነው። የሚቅመውን ልወቅስ አይደለም፤ ጎረቤትም ይቅማል፣ ዘመድም ይቅማል፣ ወሬውም ሥራውም እዚያ ነው። ለእኛ ግን መርዝ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይቀራረባል። እንቅልፍ ይነሳል፣ ጥርጣሬ ያበዛል፣ ድምፆቹን ይመልሳል። እኔ ሁለት ጊዜ አገርሽቶብኛል፤ ሁለቱም ጊዜ ስቅም ከርሜ ነው።

«አትቃም» ማለት ቀላል ነው። ሐኪሙም ይላል፣ እናቴም ትላለች። ግን ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የት ልሂድ? ሥራ የለኝም። የድሮ ጓደኞቼ በሙሉ እዚያ ናቸው። በደጃቸው ሳልፍ «ና ግባ፣ ጀባ!» ይሉኛል፤ እነሱም ወደውኝ ነው። እምቢ ብዬ ብቻዬን ቤት ከምቀመጥ ገብቼ ከሰው ጋር መዋል ይሻለኛል እላለሁ። ማዕከሉ እስከ 10 ሰዓት ሲቆይ ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር። ስወጣ በርጫው ተጋምሷል፣ እኔም ደክሞኛል፣ ባጃጅ ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ያንን ሰዓት ነው የወሰዱብን። በበጀት ሰነድ ላይ አራት ሰዓት መቀነስ ሊሆን ይችላል። ለእኛ በጣም አደገኛው ሰዓት ነው ክፍት የቀረው።

ከጥር ወዲህ ከመሀላችን ሁለቱ ወደ በርጫው ተመልሰዋል። አንዱ አሁን ሆስፒታል ተኝቷል። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ግን ታኅሣሥ ላይ ደህና ነበር፤ ከእኔ ጋር አንድ ግንድ ላይ ይሠራ ነበር። የሆስፒታል አልጋ ከአንድ ክፍል ኪራይና ከአንድ ከረጢት ከሰል ይረክሳል ወይ? ሒሳቡን የሚያውቅ ይሥራው።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። በጉራጌ፣ በሶዶ ወረዳና አካባቢው ስኪዞፍሬንያ ላለባቸው ሰዎች ከሕክምናው በተጨማሪ የማገገሚያ ድጋፍ ተሰጥቶ ተጠንቷል። ሐኪም ያልሆኑ፣ ግን የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ናቸው ድጋፉን የሰጡት። በ2014 ዓ.ም. የታተመው ውጤት፣ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ድጋፉንም ያገኙት ከአንድ ዓመት በኋላ የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን በተሻለ መምራት መቻላቸውን ያሳያል። የእነሱ ቤት ለቤት ነበር፣ የእኛ የቀን ማዕከል ነው፤ አንድ ነው ብዬ አላምታታም። ግን መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ እዚሁ አገራችን ውስጥ ታይቷል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 26 ላይ ስለ ማገገሚያ አገልግሎት ይናገራል፤ የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። ስለዚህ የምንለምነው ምጽዋት አይመስለኝም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አምስቱም ቀን ቢመለስልን እንወዳለን። ካልተቻለም ሰዓቱ ይዞር። ጠዋቱን ለሌላው ሥራ ውሰዱትና ከ7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ክፍሉን ለእኛ ተዉልን። ክፍሉ ጭራሽ የማይገኝ ከሆነ ከሰዓት ባዶ የሚውል የቀበሌ አዳራሽ አይጠፋም። ቡናውን ቤተሰቦቻችን እናዋጣለን ብለዋል። ኦቦም ቀኑን ቢነግሩኝ እመጣለሁ ብለዋል። በርጩማዎቹም ገበያ አላቸው፤ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ጂሬን የሚወጣ እንግዳ ሲመለስ ይዞ የሚሄደው ነገር ይፈልጋል።

ያ ኃላፊ ይህን ደብዳቤ ካነበቡት፣ ማክሰኞ ጠዋት ብቅ ይበሉ። በዚህ ሳምንት ቡናው የኔ ተራ ነው።

ከሥር ስሜን ጽፌ ነበር። ታናሽ እህቴ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች። የሙሽራው ቤተሰብ ዘሯን እያጠያየቀ ነው። እሷ «ጻፈው፣ ግድ የለኝም» ብላኛለች። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሠርጉ ይለፍና፣ ሰዓታችን እስከዚያ ካልተመለሰ በስሜ እጽፋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
የማዕከሉ ተጠቃሚ
ከጅማ