የግራፊክስ ክበባችን ዓመት፦ ከጅሬን ሰገነት እስከ መጽሔታችን ሽፋን

ባለፈው እትም ሽፋን ላይ የትምህርት ቤታችን አርማ ደብዝዞ መውጣቱን ያላየ የለም። ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ አልነበረም። አርማውን ከሥዕል መሥሪያ ሶፍትዌራችን ከኢንክስኬፕ በ96 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 96 ነጥብ) በነጥብ ወደተሠራ ምስል፣ ወደ ፒኤንጂ፣ ቀይረን ስለላክን፣ ለወረቀቱ ሲለጠጥ ጠርዙ ጠፋ። የኤ4 ሽፋን በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል። የዘንድሮው በዚህ ልክ ወጥቷል።

ከጥቅምት ጀምሮ በየዓርቡ ተሰብስበናል፤ ሥራ አስፈጻሚም መርጠናል። ዝርዝሩ በቃለ ጉባኤው አለ።

ከሁሉም የማልረሳው ጅማ አጠገብ ወዳለው ጅሬን ያደረግነውን ጉዞ ነው። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሰገነት ለድረ ገጻችን ልንስል ወጣን። መጀመሪያ ያነሳነውን ፎቶ ለሶፍትዌሩ ሰጥተን ራሱ ወደ መስመር እንዲለውጠው አደረግን። የእንጨቱ ጥላ ሳይቀር መስመር ሆነና ፋይሉ በነጥብ ተጨናነቀ። ነጥቡን ለመቀነስ ኮንትሮል ኤልን ስንደጋግም ደግሞ ማዕዘኖቹ ሟሙ። ከኋላ ሆና የሰገነቱን መደገፊያ በጣቷ ስትቆጥር የነበረች የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ቋሚዎቹ እኮ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱን ብንስል አይበቃም?» አለች። አንዱን በእጇ ሣለች፤ ሌላውን በኦልት ዲ ክሎን እያደረገች ደረደረች። ክሎን ቅርጹን እንደገና አይጽፍም፤ ፋይሉ ውስጥ የሚገባው «ያንኑ እዚህ ድገም» የሚል አጭር ትእዛዝ ብቻ ነው። ሥዕሉ ቀለለ፣ መስመሩም ጠራ። ያን ቀን ልጆቹ ፊት ላይ ያየሁትን ደስታ ወላጆች ቢያዩት እንዴት በወደድኩ!

የቀረው ጥንቃቄ ነው። ኤስቪጂው፣ ማለትም ሥዕሉን በመስመርና በቁጥር የሚይዘው ፋይል፣ እንዲቀል «ኦፕቲማይዝድ» ተብሎ ሲቀመጥ 12.3456789 የነበረው ቁጥር 12.346 ቢሆን ዓይን አይለየውም። የሥዕሉን ክልል የሚወስነው ቪውቦክስ ግን አይነካ፤ እሱ ከጠፋ ሥዕሉ ከስልክ ስክሪን ጋር አይጠብም። የአማርኛ ጽሑፍ ካለበት ፊደሉ ወደ ቅርጽ ይቀየር፤ አለበለዚያ ፎንቱ በሌለበት ስልክ መልኩ ይለወጣል። ከተቀየረ በኋላ ኮንትሮል ኤል አይነካው፤ የ«ቀ» ዓይን ይደፈናል። ለቴሌግራም ቻናላችን ፒኤንጂውን በፋይል መልክ እንጂ ጄፔግ አንልክም፤ ጄፔግ ቀለም የሌለው፣ የሚያሳልፍ ዳራ ስለማይዝ ከአርማው ጀርባ ቀለም ይሞላል።

የግንቦቱ ኤግዚቢሽን አልተሳካም፤ መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ጠፋ። ኢንክስኬፕ በነፃ የሚገኝ ስለሆነ ለሶፍትዌር አንድ ብር አልጠየቅንም። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትን (ወተመህን) የምንጠይቀው መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ አንድ ዩፒኤስና ለአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ራም (የሥራ ማኅደረ ትውስታ) ነው፤ ሦስት ልጅ በአንድ ማውስ እየተጋፋ ይህን ከሠራ፣ ይህ አይበዛበትም።

አርማው በኤስቪጂም በፒኤንጂም አይሲቲ ክፍል ተቀምጧል። ለደብዳቤም ለባነርም የፈለገ ክበብ ፍላሹን ይዞ ይምጣ።