ነጩ ኩባያ ነጭ አይደለም

ውድ እህት ዓለሜ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? የእናትሽ ጉልበት ተሻለው? እኔ ደኅና ነኝ። ከሁለት ዓመት በላይ ድምፄን አጥፍቼ መቆየቴን አውቃለሁ። የመጨረሻው ደብዳቤሽ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ደጋግሜ ከማንበቤ የተነሣ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል።

መልስ ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ አይደለም። በመጨረሻው መስመር ላይ «ከሥራና ከቤት ሌላ፣ ለራስሽ ብለሽ የምታደርጊው ምን አለሽ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እዚያ ጥያቄ ላይ ስደርስ የምጽፈው አጣሁ። ልዋሽሽ አልፈለግኩም፤ ምንም የለኝም ብዬ ልነግርሽም አልደፈርኩም። እንዲሁ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ። ይቅር በይኝ።

አሁን መልስ አለኝ። ሥዕል መሣል ጀምሬያለሁ፤ በአክሪሊክ ቀለም። ሰባት ወር ሆነኝ።

ከሁለታችን ሠዓሊዋ አንቺ ነበርሽ። ትምህርት ቤት ሳለን በደብተርሽ ዳር ላይ እጅ ስትሥዪ፣ አንዱን እጅሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሽ በሌላው ስትቀጂው፣ እኔ አጠገብሽ ሆኜ ከማየት በቀር እርሳስ አንሥቼ አላውቅም። ደብዳቤዬን የማስረዝመውም ለዚሁ ነው። አንቺ የተውሽውን ነገር እኔ ይዤዋለሁ፤ አንቺም እንድትመለሺበት ከልቤ እፈልጋለሁ።

ያቆምሽበትን ምክንያት አልረሳሁትም። የዘይት ቀለሙ ማቅጠኛ ሽታ ሕፃን ላለበት ቤት አልሆን አለ፤ የተቀባው ሸራም ለቀናት አይደርቅምና ትንንሽ እጆች የማይደርሱበት ቦታ ጠፋ። አክሪሊክ በሁለቱም በኩል የተለየ ነው። የሚቀጥነው በውኃ ነው፤ ብሩሹም በውኃና በሳሙና ይታጠባል። ስስ አድርገሽ የቀባሽው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርቃል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ሰዓት ብታገኚ፣ በዚያች ሰዓት ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርበሽ ቀብተሽ፣ ጠረጴዛውን ጠራርገሽ መተኛት ትችያለሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም የሥዕል ቀለም የቀለም ዱቄትና ዱቄቱን የሚይዝ ማጣበቂያ ድብልቅ ነው። በዘይት ቀለም ማጣበቂያው ብዙውን ጊዜ የተልባ ዘይት ነው፤ በአክሪሊክ ግን በውኃ ውስጥ የተበተኑ እጅግ ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ናቸው። ውኃው ሲተን ቅንጣቶቹ እየተጠጋጉ ይዋሃዱና ስስ፣ የሚለመጥ ሽፋን ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ ውኃ አይፈታውም፤ በላዩ ብትቀቢበት የታችኛው አይነቃነቅም። ይህ ዓይነቱ በውኃ የሚቀጥን የሠዓሊዎች ቀለም ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ከኖረው የዘይት ቀለም ጋር ሲተያይ ገና ልጅ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያደናገረኝ ሲደርቅ መጥቆሩ ነበር። ማታ ልክ ነው ብዬ የተውኩት ግራጫ ጠዋት ጠቆር ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። ለካስ ማጣበቂያው እርጥብ ሳለ እንደ ወተት ነጭ ስለሆነ ቀለሙን ያፈካዋል፤ ሲደርቅ ይጠራና ትክክለኛው ቀለም ይወጣል። አሁን ከደባለቅኩት ላይ ጥቂት ነካ አድርጌ በቁራጭ ወረቀት ላይ ቀብቼ፣ መድረቁን ሳላይ ወደ ሥዕሉ አልሄድም።

ስለ ዕቃው ብዙ አላደክምሽም፤ አንድ ነገር ላይ ብቻ ግን አደራ እልሻለሁ። እኔ ስጀምር 24 ቀለም የያዘ ሣጥን ገዛሁ። አረንጓዴ ሲያስፈልገኝ አረንጓዴውን ቱቦ አነሣለሁ፣ ቡናማ ሲያስፈልገኝ ቡናማውን። ሁለት ወር ሙሉ ስመርጥ ኖርኩ እንጂ ስደባልቅ አልኖርኩም፤ ስለዚህም ስለ ቀለም አንዳች ነገር አልገባኝም። አራት አምስቱን በአንድ ላይ ባደረግኳቸው ጊዜ ደግሞ ሁሉም ጭቃ ሆኑብኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያሉት አምስት ናቸው፤ ቲታኒየም ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት አምበር የሚሉት ጥቁር ቡናማ። ለተማሪ የሚሠራው ቀለም ዱቄቱ ያነሰ ቢሆንም ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሻል። ነጩን ብቻ ከተሻለው ዓይነት ግዢ፤ ከሁሉም ይልቅ ቶሎ የሚያልቀው፣ የታችኛውን እንዲሸፍን የምትፈልጊውም እሱን ነው።

አልትራማሪኑን ግን ሳላወራልሽ አላልፍም። ይህ ሰማያዊ ጥንት ላፒስ ላዙሊ ከሚባል ድንጋይ ተፈጭቶ ይወጣ ነበር፤ ድንጋዩ ከአፍጋኒስታን ተራሮች ስለሚመጣ ስሙም «ከባሕር ማዶ» ማለት ነው። ከውድነቱ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1824 አንድ የፈረንሳይ ማኅበር በርካሽ ሊሠራ የሚችልበትን ዘዴ ለሚያገኝ ሰው 6,000 ፍራንክ ሽልማት አወጀ። ከአራት ዓመት በኋላም ዣን ባፕቲስት ጊሜ የተባለ ሰው ሽልማቱን ወሰደ። ዛሬ እኔና አንቺ ከቱቦ ጨምቀን የምንቀባው እንዲህ በሰው እጅ የተሠራውን ነው። ከዚያ ጥቁር ቡናማ ጋር እኩል ስትደባልቂው ከጥቁር ቱቦ የበለጠ ጥልቀት ያለው ጨለማ ይወጣል። ነጭ ጨምሪበት፤ ሰማያዊው ካመዘነ ቀዝቃዛ ግራጫ፣ ቡናማው ካመዘነ ሞቅ ያለ ግራጫ ታገኛለሽ። እነዚያን ሁለት ቱቦዎችና ነጩን ብቻ ይዤ አንድ ሳምንት ሙሉ ግራጫ ስሠራ ከረምኩ፤ ከሰባቱ ወራት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የተጠቀምኩባት ሳምንት እሷ ናት።

ብሩሽ ሦስት ይበቃል፤ ሰፊ ጠፍጣፋ፣ መካከለኛ ጠፍጣፋና ቀጭን ሹል፣ ጠጉራቸው ሰው ሠራሽ የሆነ። ስልክ ተደውሎልኝ ቀለም የነከረውን ብሩሽ ለግማሽ ሰዓት ትቼው ብመለስ እንደ እንጨት ደርቆ አገኘሁት፤ አልዳነም። የማልጠቀምበትን ወዲያው አለቅልቄ አግድሜ አስቀምጠዋለሁ፤ ውኃ ውስጥ ቆሞ እንዲቆይ ግን አልተወውም፤ ጫፉ ይጣመማል። ከማጠቤ በፊት ቀለሙን በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ወደ ቧንቧው የሚወርደው ፕላስቲክ ነውና። ብሩሽ አፍ ውስጥ ማስገባትን ልጆቹ ካንቺ እንዳይማሩ፤ ካድሚየም የተባለ ብረት ያለባቸው ቢጫና ቀይ ቀለሞች አሉ።

ቀለሙ መደባለቂያው ላይ ቶሎ እንዳይደርቅ ደግሞ ይህን አድርጊ፦ ክዳን ያለው ዝርግ ዕቃ ውስጥ በውኃ የራሰ ስፖንጅ አንጥፊ፣ በላዩ ኬክ ሲጋገር ከሥር የሚነጠፈውን ወረቀት አልብሺው፣ ቀለሙን እዚያ ላይ አድርጊ። እርጥበቱ ከታች ቀስ እያለ ይደርሰዋል፤ ከከደንሽው ለቀናት ይቆያል። ሸራ ለመግዛት አትቸኩዪ። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ላይ ጄሶ ቀብተሽ መሥራት ትችያለሽ። ጄሶ ስልሽ ለግድግዳ የምናውቀውን ማለቴ አይደለም፤ ስሙ ከዚያው ከጣልያንኛው የመጣ ነው፣ ይኼኛው ግን ቀለም እንዲይዝ ተብሎ የሚቀባ ነጭ አክሪሊክ ነው።

አሁን ወደ ኩባያው ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለ እሱ ልነግርሽ ብዬ ነው።

ነጭ ኩባያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከግራ በኩል መብራት አበራሁ። ነጭ ነው ብዬ በነጭ ቀባሁት፤ ጥላ አለው ብዬ በጥቁር አጠላሁበት። ከወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ነገር መሰለ። ሦስት ጊዜ ሠራሁት፤ ሦስቱም ያው። በአራተኛው ምሽት አንድ ካርቶን ላይ የእህል ፍሬ የምታህል ቀዳዳ በስቼ፣ በአንድ ዓይኔ በቀዳዳዋ በኩል የኩባያውን ጎኖች አንድ በአንድ አየኋቸው። እህቴ፣ ነጭ የለም! ጥላ ያረፈበት ጎን ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ነው። ከሥሩ፣ ከጠረጴዛው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ፣ የእንጨቱ ቡናማ ወደ ላይ ተመልሶ ኩባያውን ሞቅ አድርጎታል፤ ጥላው ውስጥ ሆኖ ሳለ ያበራል። በመብራቱ በኩል ያለው ጎን እንኳ ቢጫ የነካው ነበር። ንጹሕ ነጭ ያገኘሁት ከንፈሩ ላይ፣ ከስንዴ ቅንጣት በማትበልጥ አንዲት ነጥብ ብቻ ነው።

በዚያ ምሽት ሌላ ነገር አልሠራሁም። ቀዳዳዋን ይዤ ግድግዳውን፣ በሩን፣ የገዛ እጄን ስመለከት አመሸሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ኩባያ ነጭ ነው እያልኩ ኖሬ፣ ዓይኔ ያየውን ሳይሆን ስሙን ስቀባ ነበር። አንቺ ያኔ እጅሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሽ ዓይንሽን ጨፈን ከፈት የምታደርጊው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ ዓይን ሲጠብብ ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃንና ጨለማው ብቻ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ያንኑ ኩባያ ስምንት ጊዜ ሠራሁት። ሌሎች በየቀኑ አዲስ ነገር ሣዪ ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ዕቃው አንድ ሲሆን የሚለወጠው ያንቺ ዓይን ብቻ ስለሆነ፣ ትናንት ያላየሽውን ዛሬ ታያለሽ። ቀለሙ ፈጥኖ መድረቁም ፍጠኚ ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ እ.ኤ.አ. በ1967 በአክሪሊክ አንድ የመዋኛ ገንዳ ሥሎ ነበር፤ ሰው ዘሎ ገብቶ ውኃው ሽቅብ ሲረጭ። በእውነቱ ለሁለት ሰከንድ የሚቆየውን ያንን ፍንጥቅታ በትንንሽ ብሩሾች ሁለት ሳምንት ያህል ሠራው።

አሥራ አንደኛውን ኩባያ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ወረቀቱ በፖስታው ውስጥ ትንሽ ቢለመጥ አይሰነጠቅም። ጥላውን እወደዋለሁ፤ ልክ ነው ብዬም አምናለሁ። እጀታው ግን አልሆነልኝም። ከኩባያው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ተለጥፎ የቀረ እንጂ ከውስጡ የወጣ አይመስልም። አንቺ ጣት ከመዳፍ የሚወጣበትን ቦታ ስትሥዪ ምን ታደርጊ እንደነበር ላስታውስ ብዬ ብዙ ሞከርኩ፤ ጠርዙን ታጠፊው ነበር ወይስ ታጠቁሪው? በላዩ ላይ ሥለሽ ላኪልኝ። ደርቋል፤ ምንም ብታደርጊበት የታችኛው አይነካም።

እናትሽን በጣም ሰላም በዪልኝ፤ ልጆቹንም ሳሚልኝ።

ናፋቂ እህትሽ