ቀዶ ህክምናው አለ፣ የጠፋው ማደሪያው ነው

ወገኖቼ፣ በቀጥታ ልናገር። ገንዘብ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት። ለቤት ኪራይ፣ ለፍራሽ፣ ለወተትና ለአውቶቡስ ቲኬት። ለቀዶ ህክምናው አይደለም። ፊታቸው የተጎዳ ሰዎችን የሚሰሩ ጎበዝ ሐኪሞች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ክፍያ ይሰሯቸዋል። እኛ ያስቸገረን ከቀዶ ህክምናው በፊትና በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ሰፈራችን ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል ጀርባ ነው። የዛሬ ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ፣ ጠዋት በር ስከፍት አንድ አባትና አንዲት ልጅ ታዛችን ስር ተጠግተው ቆመዋል። ልጅቷ አስራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባለች። ግቡ ብዬ ሻይ አቀረብኩላቸው። አባትየው ጠጣ፣ እሷ ብርጭቆውን ይዛ ዝም አለች። ኋላ ነው የገባኝ፣ ለካ ሰው ፊት ነጠላዋን አታወርድም። ዞር ስልላት ብርጭቆውን በነጠላው ስር አስገብታ ጠጣች።

የግራ ጉንጯ የለም። ከከንፈሯ ጥግ ጀምሮ ክፍት ነው፣ ጥርሶቿ ከውጭ ይታያሉ። መንጋጋዋ ደግሞ ተቆልፏል። የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል እንኳ አይከፈትም። ለዓመታት የበላችው በዚያ በጎኑ ክፍተት እየተጠቀጠቀላት ነው።

ኖማ ይባላል በሽታው። ስሙ የግሪክ ቃል ነው፣ እንስሳ ሳር እንደሚግጠው መጋጥ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ከድድ ቁስል ይጀምራል። ልጁ ቀድሞ በረሃብ የተጎዳ ከሆነ፣ በዚያ ላይ ኩፍኝ ወይም ወባ ከደረበበት፣ ሰውነቱ መከላከል ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ በቀናት ውስጥ ከድድ ወደ ጉንጭ፣ ከጉንጭ ወደ አጥንት ይዘልቃል። ካልታከመ ከያዛቸው ልጆች እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ። እኛ ጋ የምትመጣው ልጅ እንግዲህ ተርፋ ነው። ተርፋም ዕድሜዋን በነጠላ ስር ትኖራለች፣ ምክንያቱም መንደሩ እርግማን ነው ይላል፣ ይተላለፋል ይላል። አይተላለፍም። ይህን ደጋግማችሁ ለሰው ንገሩልኝ። ኖማ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

አውሮፓም ነበረ እኮ። ሰው እየጠገበ ሲሄድ ጠፋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በናዚ ማጎሪያ ካምፖች ውስጥ፣ በተራቡት እስረኞች ላይ ተመልሶ ታየ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል፣ የረሃብና የድህነት በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ናይጄሪያ ባቀረበችው ጥያቄ ችላ ከተባሉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ገና በታህሳስ 2016 ዓ.ም. ነው። ችላ የተባሉትን በሚዘረዝረው መዝገብ ላይ እንኳ ለመግባት ይህን ያህል ዓመት ፈጅቶበታል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። አባትየው ከባሌ ቆላ ሪፈር ተጽፎለት፣ በግ ሸጦ፣ ሁለት ቀን ተጉዞ ነው የመጣው። ሐኪሙ አያት። «ትሰራለች» አለ። ግን ደሟ አንሷል፣ ክብደቷም በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ በዚህ አቅሟ ረጅም ቀዶ ህክምና አትችልም፣ ስድስት ሳምንት በደንብ ትመገብና ትምጣ አለ። ሐኪሙ ልክ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የምለው። ግን ስድስት ሳምንት የት? የያዘው ብር ለሦስት ቀን አልጋ አይበቃም። አገሩ ቢመለስ መምጫውን ከየት ያመጣል? እሱም ይህን ስለሚያውቅ ነው ዝናብ ላይ የቆመው። መሄድም መቅረትም አቅቶት።

ያን ቀን ቡና ላይ አወራን። ሰፈራችን ውስጥ ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት አሉ። ዝም ብለው ሰሙና «ሰርቪሷ ባዶ ናት አይደል፣ ይግቡባት» አሉ። በቃ፣ እንዲህ ነው የተጀመረው። አንዷ ፍራሽ አመጣች። ሌላዋ የገብስ አጥሚት በየጠዋቱ ልታመጣ ቃል ገባች፣ አንድ ቀን አላጎደለችም። እንቁላል በወተት እየመታን፣ ሽሮ እያቀጠንን፣ ምስር እየፈጨን አበላናት። አማርኛ ስለማትችል መንገድ ላይ ሞባይል የሚጠግነው ልጅ በኦሮምኛ ያስተረጉምልናል። ከሁሉ በፊት የጠየቀችው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ሲጨርሱ ትምህርት ቤት እገባለሁ?» ነው ያለችው።

ክብደቷ ጨመረ፣ ደሟም ሞላ፣ ተሰራች።

ስለ ቀዶ ህክምናው ትንሽ ልንገራችሁ፣ ገንዘባችሁ የቱ ጋ እንደሚገባ የሚታየው እዚያ ላይ ስለሆነ። አፍ ካልተከፈተ ማደንዘዣ መስጠት ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። የመተንፈሻውን ቱቦ በአፍንጫ በኩል፣ ቀጭን ካሜራ እየመራው ያስገቡታል። ከዚያ የተጣበቀውን አጥንት ቆርጠው መንጋጋውን ያላቅቃሉ። ለጎደለው ጉንጭ ከክንዷ ላይ ቆዳ ከነደም ስሩ ያነሳሉ፣ ደም ስሩን አንገቷ ላይ ካለው ደም ስር ጋር በማይክሮስኮፕ እያዩ ከፀጉር በቀጠነ ክር ይሰፉታል። ከማለዳ እስከ ማታ ሊፈጅ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነርሶች በየሰዓቱ እየመጡ አዲሱን ቆዳ ይነካሉ፣ ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል፣ ቀለሙስ። የደም ስሩ ከተዘጋ ያ ሁሉ ልፋት በሰዓታት ውስጥ ከንቱ ይሆናል። የእሷ ያዘ፣ ተመስገን።

ግን ከሆስፒታል መውጣት ማለት መዳን ማለት አይደለም። የተላቀቀ መንጋጋ ካልተንቀሳቀሰ ተመልሶ ይቆለፋል። ሐኪም ምላስ ሲያይ የሚጫንባትን ጠፍጣፋ እንጨት ታውቋታላችሁ አይደል። እነዚያን ደራርበው ጥርስና ጥርስ መሃል ያስገቧቸዋል፣ ቀን በቀን፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለወራት። ሲለምድ አንድ እንጨት ይጨመራል። ያማል። ታለቅሳለች። እኔ ጋ የእኔ ልጆች የቤት ሥራ ሲሰሩ እሷ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እንጨቷን ይዛ ትቆጥር ነበር። ብቻዋን ብትሆን፣ አይዞሽ የሚላት ባይኖር፣ ማን ያን ህመም በየቀኑ በራሱ ላይ ያመጣል? ከዓመታት በፊት የማውቀው አንድ ልጅ ሌላ ቦታ ተሰርቶ በሳምንቱ ወደ አገሩ ተላከ። እንጨቱን ማንም አላሳየውም። በዓመቱ አፉ እንደ ድሮው ተዘግቶ አገኘሁት። ያንን ልጅ አስታውሼ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ከእሷ በኋላ ሌላ መጣ። ጅብ አፍንጫውን የወሰደበት ወጣት ነው፣ ሌሊት ከብት ሲጠብቅ። ለእሱ ሐኪሞቹ ከግንባሩ ላይ ቆዳ ቆርጠው፣ ሙሉ በሙሉ ሳይለዩት፣ አዙረው አፍንጫው ላይ ሰፉለት። ደም የሚደርሰው ከቅንድቡ በኩል በቀረው ድልድይ ነው። ያ ድልድይ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ አዲሱ ቆዳ በራሱ ደም መኖር ሲጀምር ነው የሚቆረጠው። እስቲ አስቡት። ከግንባር እስከ አፍንጫ የተንጠለጠለ ሥጋ ይዞ ሦስት ሳምንት። አልጋ ቤት ቢሄድ ማን ያስገባዋል? ታክሲ ውስጥ ማን አጠገቡ ይቀመጣል? እማማ ቤት ግን ከሰፈር ልጆች ጋር ካርታ እየተጫወተ ነው የጨረሳት።

አሁን የእማማ ሰርቪስ አትበቃንም። ሰዎች በሰው በሰው እየሰሙ ይመጣሉ። የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎና የፕላስቲክ ቀዶ ህክምና ይሰጣል፣ አለርት ሆስፒታልም አለ፣ ከውጭም እንደ ፌሲንግ አፍሪካ ያሉ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለዓመታት የሐኪም ቡድን እያመጡ የኖማ ሕመምተኞችን አሰርተዋል። እኛ ከእነዚህ ከአንዳቸውም ጋር የተያያዝን አይደለንም፣ ይህ ግልጽ ይሁን። በድርጅት በኩል የሚመጣ ሰው ድርጅቱ ያስብለታል። እኛ የምናስበው በራሱ ጉልበት፣ በግ ሸጦ፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ አውቶቡስ ተራ ለሚወርደው ነው።

ያሰብነው ይህን ነው። እዚሁ ሰፈር አምስት ክፍል ያለው ግቢ አግኝተናል። ባለቤቱ የምንሰራውን ስላየ ኪራዩን ቀንሶልናል፣ ግን የስድስት ወር በቅድሚያ ይፈልጋል። ከዚያ ፍራሽና ብርድ ልብስ። ደህና ጁስ መፍጫ ሁለት፣ ምክንያቱም አፉ ለተቆለፈ ሰው የመፍጫው ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ነው። እዚያው ቤት ውስጥ ቁስል የምትጠርግና እንጨቱን የምታስቆጥር አንዲት ነርስ በግማሽ ቀን። የመመለሻ የአውቶቡስ ብር፣ ለቀጠሮ የመምጫ ብር። እና ወተት፣ እንቁላል፣ ገብስ።

አንድ ነገር ደግሞ ቁርጡን እንነጋገር። ፎቶ አንለጥፍም። ያንን ክፍት ጉንጭ ብንለጥፈው ብሩ በሁለት ቀን እንደሚሞላ እናውቃለን፣ ብዙ ሰውም በቅንነት መክሮናል። ግን ልጅቷ ለዓመታት ፊቷን ስትሸፍን ኖራ፣ እኛ ለሰው ሁሉ ስንገልጥባት አይሆንም። ማየት የፈለገ ሰው መጥቶ ቤቱን ይይ፣ ደረሰኙን ይይ። ደረሰኙን በየወሩ መጨረሻ ፎቶ እያነሳን እናወጣለን፣ የሽንኩርቱንም ጭምር።

ገንዘብ ለሌላችሁም ሥራ አለ። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ የምትችሉ፣ በስልክም ቢሆን ለማስተርጎም ስማችሁን አስመዝግቡ። የጥርስ ሐኪሞች፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች፣ በወር አንድ ቀን ኑልን። ክልል ላይ ያላችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና አስተማሪዎች ደግሞ ከሁላችን በላይ ትችላላችሁ። የልጅ ከንፈር ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን እዩ። ድዱ የሚደማ፣ የቆሰለ፣ አፉ ከወትሮው የተለየ መጥፎ ሽታ ያለው፣ ጉንጩ ያበጠ ልጅ፣ በተለይ ከሲታና በቅርቡ ኩፍኝ የታመመ ከሆነ፣ ነገ አትበሉ፣ ያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። በጊዜ ከተደረሰ ተራ አንቲባዮቲክ፣ የአፍ ማጠቢያና ጥሩ ምግብ ያድኑታል። ፊቱን ይዞ ያድጋል፣ እኛንም አያስፈልገውም።

ውጭ ያላችሁ፣ ዲሲም ሁኑ ለንደን፣ ዱባይም ሁኑ ቤይሩት፣ አቅማችሁን እናውቃለን፣ ላባችሁ መሆኑንም እናውቃለን። በአንድ ጊዜ ብዙ ከምትልኩ ትንሽም ብትሆን በየወሩ የምትቀጥል ብትሆን ይሻለናል። ኪራይ በየወሩ ነው፣ ወተትም በየቀኑ። እዚህ ያላችሁ 200 ብር በወር ካላችሁ እሱ ራሱ ትልቅ ነው። እድራችሁ፣ እቁባችሁ፣ የመሥሪያ ቤታችሁ የሻይ ክበብ አንድ ፍራሽ ይያዝ።

የሂሳብ ቁጥሩ በሦስት ሰው ስም ነው የተከፈተው፣ ሁለቱ ካልፈረሙ አይወጣም። እዚህ አደባባይ ላይ አላወጣውም፣ እየገለበጡ የራሳቸውን ቁጥር የሚያስገቡ ሰዎች ስላሉ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ከእኔ ውጪ ሌላ ሰው ቁጥር ከላከላችሁ እኛ አይደለንም።

ልጅቷ አሁን አገሯ ናት፣ አንደኛ ክፍል ገብታለች፣ ከትንንሾቹ ጋር። አባትየው ሲደውል እንጨቱን እየቆጠረች እንደሆነ ይነግረኛል። ህዳር ላይ የከንፈሯን ጥግ ለማስተካከል ተመልሳ ትመጣለች። ኪራዩን መስከረም ሳያልቅ መክፈል አለብን። ፍራሽና ብርድ ልብስ ያላችሁ ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እማማ ግቢ ነን፣ ቡናም አለ።